ባዶ ማለት የለም ማለት ነው

የካርድ ክፍሉ ከመሬት በታች ነው። ያለው አንድ ረጅም መስኮት ነው፤ እሱም ከጣሪያው ሥር ሆኖ ከውጭው የእግረኛ መንገድ ጋር እኩል ስለሆነ፣ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አላፊ አግዳሚውን የሚያየው ከጉልበት በታች ብቻ ነው። እሷ እዚያ መስኮት ሥር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። ፊታቸውን ብታይ የማትለያቸውን ሰዎች በአረማመዳቸው ትለያቸዋለች፤ ተረከዟን እየጎተተች የምትሄደውን የልብስ ማጠቢያ ሠራተኛ፣ እንደ ዝይ የሚረግጠውን ዘበኛ፣ ሁልጊዜ የሚሮጠውንና ሁልጊዜ የሚረፍድበትን የላቦራቶሪ ባለሙያ።

ሥራዋ ለሕመም ኮድ መስጠት ነው። ሐኪሙ በቃላት የጻፈውን እሷ ወደ ፊደልና ቁጥር ትመልሰዋለች። ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስላል። ጉልበቱ የቆሰለ ሰው መጣ እንበል፤ "ክፍት ቁስል" ብሎ ጽፎ ነገሩ አያልቅም። የቀኝ ነው የግራ? ተቆርጦ ነው፣ ተወግቶ ነው ወይስ ተነክሶ? ውስጡ ባዕድ አካል ማለትም ጠጠር፣ ብርጭቆ ወይም እሾህ ቀርቶበታል ወይስ አልቀረበትም? የመጣው ለመጀመሪያ ሕክምና ነው፣ ለክትትል ነው ወይስ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ጥሎበት ለሄደው ጣጣ? ለእያንዳንዱ መልስ አንድ ፊደል ወይም አንድ ቁጥር አለ። ሁሉም ሲደረደር ከስልክ ቁጥር ያጠረ ነገር ይወጣል፤ ሰውየውም ከነሕመሙ እዚያች ውስጥ ይገባል።

ሐኪሞች ቀኝና ግራ መጻፍ ይረሳሉ። እሷ ግን አትረሳም፤ ስልክ ታነሳና "ዶክተር፣ ግራ ነው ቀኝ?" ትላለች። ዶክተሩ ቀዶ ጥገና ላይ ቢሆን ትጠብቃለች፣ ምሳ ላይ ቢሆን ትጠብቃለች፣ ቢቆጣም ትጠብቃለች። ከዚህ የተነሳ "ግራ-ቀኝ" የሚል ስም ወጥቶላታል። ከፊቷ "እትዬ" ይሏታል፣ ዞር ስትል ግራ-ቀኝ ናት። ታውቃለች፤ አይከፋትም። ከዚህ የባሰ ስም የወጣለት ሞልቷል። ካርድ ከመደርደሪያ የሚያወርዱት አዛውንት፣ መሰላል ስለማይወዱና በየመደርደሪያው ተንጠላጥለው ስለሚወጡ፣ ጡረታቸው ሦስት ወር ቀርቶት እንኳ "ሸረሪት" ናቸው።

ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። የሞተው እዚሁ ሆስፒታል፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በደኅናው ጊዜ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከሥራው መጥቶ በጫማው ጫፍ የመስኮቱን ፍርግርግ ሁለት ጊዜ ቆርቆር ያደርግ ነበር። እሷም ቀና ሳትል መዝገቧን ትዘጋለች። ከሞተ ወዲህ በኋላ በር እየገባች በኋላ በር ትወጣለች፤ ምሳዋን እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ትበላለች፤ ወደ ላይ ወጥታ አታውቅም። ማንም "ለምን?" አላላትም። እሷም ለማንም አልተናገረችም።

ቅዳሜ ቅዳሜ የባሏ እህት ትደውላለች። ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ግን ፋታ አይሰጥም።

"ጫማዎቹንስ?" ትላለች፣ ስለ ዋጋ ውድነትና ስለ ልጆቿ ካወራች በኋላ። "አራት ጥንድ ጫማ በር ላይ ደርድሮ መኖር ምን ይባላል? እግር ያለው ሰው ይጫማቸው እንጂ!"

"እሺ፣ አያቸዋለሁ።"

"አየሽ አይደል ሁለት ዓመት ሙሉ!"

ይስቃሉ። ስልኩ ይዘጋል። ጫማዎቹ በር ላይ ናቸው።

አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ሸረሪት አንድ ካርድ በብብታቸው ይዘው መጡ።

"በይ እህቴ፣ የጉልበት ነገር መጣልሽ። አንቺ ካልሆንሽ ማን ይወደዋል!"

"ቀኝ ነው ግራ፣ ጋሼ?"

"እሱንማ ጽፈውታል። የአንቺን ምላስ የፈራ ሁሉ ቀኝ ግራውን ለይቷል።"

ተኝቶ የሚታከም ሰው ካርድ በገባ በማግስቱ ለጊዜያዊ ኮድ ወደ እነሱ ይወርዳል፤ ኮድ ይሰጠዋል፣ ተመልሶ ይወጣል። ይህኛው የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ነው። ሥራ፦ የወለል ሴራሚክ ነጣፊ። ቀኝ ጉልበቱ አብጦ፣ መግል ይዞ፣ በትኩሳት ገብቷል። የአጥንት ሐኪሙ ነገ ጠዋት መገጣጠሚያውን ከፍቶ ሊያጥበው አስቧል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ "ሁለት ጊዜ መድኃኒት ተቀይሮ አልተሻለውም። ከእጥበቱ በኋላም ካልተሻለው፣ እግሩን ስለ መቁረጥ ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።" ቀጥሎም፦ "በቀድሞው ሰነድ መሠረት ባዕድ አካል የለም። ራጅ አያስፈልግም።"

ብዕሯን አስቀመጠች። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠች።

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው ከአምስት ሳምንት በፊት፣ ድንገተኛ ክፍል ነው። ተንበርክኮ ሲሠራ የተሰበረ ሴራሚክ ላይ ወድቋል። ቀኝ ጉልበት፣ ሎሚ ከሚባለው ክብ አጥንት በታች፣ አራት ሳንቲ ሜትር የተቆረጠ ክፍት ቁስል። ታጥቧል፣ አምስት ቦታ ተሰፍቷል። "ባዕድ አካል" የሚለው መስመር ላይ ምንም አልተጻፈም። "የለም" አይልም፣ "አለ" አይልም። ባዶ ነው።

ሁለተኛ ጊዜ የመጣው በአሥራ አንድ ቀኑ፣ ጉልበቱ ቀልቶ ነው። ሌላ ሐኪም አየው። ያ ሐኪም የመጀመሪያውን ገጽ አልገለጠም፤ ያነበበው ከካርዱ ፊት የሚለጠፈውን፣ ኮምፒውተሩ ከኮዱ ላይ አንብቦ የሚያትመውን አጭር ታሪክ ነው። አጭሩ ታሪክ እንዲህ ይላል፦ "ክፍት ቁስል፣ ቀኝ ጉልበት፣ ባዕድ አካል የሌለው።"

የሌለው።

ከኮዱ ጎን ያለውን ፊርማ ማየት አላስፈለጋትም። አየችው። የራሷ ነው።

ይህች ጉድ ከየት እንደመጣች የምታውቀው እዚህ ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ብቻ ነው። መጽሐፉ ውስጥ "ያልተገለጸ" ለሚባል ቁስል የሚሆን ኮድ አለ። ግን በወር ሪፖርቱ ውስጥ "ያልተገለጸ" የበዛ እንደሆነ፣ ሪፖርቱ ከዋናው መሥሪያ ቤት ቀይ ተሰምሮበት ይመለሳል። አለቃው ቀይ መስመር አይወድም። ስለዚህ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ገና ወንበሩ ሳይሞቅ የሚነግረው ነገር አለ፦ "ባዶ ማለት የለም ማለት ነው። ቢኖር ኖሮ ሐኪሙ ይጽፈው ነበር።" እሷ ለቀኝና ግራ እጅ አልሰጠችም፤ ሰው ሁለት ጉልበት ስላለው መገመት አይቻልም። ይህችኛዋን ግን እጇ ለመዳት። እጅ የለመደውን ደግሞ ዓይን አያየውም።

ቀኑንም አስታወሰችው። ያን ቀን ጠዋት ከሰው ኃይል ክፍል አንድ ቅጽ መጥቶላት ነበር። የሠራተኛው መረጃ አስቀድሞ ታትሞበታል፤ የተለወጠ ነገር ካለ ይስተካከል ይላል። "የጋብቻ ሁኔታ" ከሚለው ጎን "ባለትዳር" የሚል ታትሟል። ቅጹን መሳቢያዋ ውስጥ ከትታ ቆለፈችበት፤ ከክምሩም ቀጣዩን ካርድ ሳበች። የሴራሚክ ነጣፊው ነበር። ቅጹ እስከ ዛሬ መሳቢያው ውስጥ አለ። የሰው ኃይል ጸሐፊዋ በየሳምንቱ ትደውላለች። "እትዬ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት!"

ሌላም ነገር አገኘች። ከሁለተኛው ሐኪም ጽሑፍ ጀርባ፣ በነርሷ ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፦ "ታካሚው 'ሳጥፈው ውስጤን የሚወጋኝ ነገር አለ' ይላል።" ደንቡ ከሐኪም እንጂ ከነርስ ጽሑፍ ኮድ መስጠት አይፈቅድም። ሐኪሞቹም የነርስ ገጽ እምብዛም አይገልጡም። ስለዚህ ያቺ ዓረፍተ ነገር አንባቢ አልነበራትም።

ወደ ሁለተኛ ፎቅ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ደግማ ደወለች።

"ዶክተሩ ቀዶ ጥገና ላይ ነው" አለች አንዷ።

"ሲወጣ እንዲደውልልኝ ትነግሪልኛለሽ? ካርድ ክፍል ነው።"

"ካርድ ክፍል? ግራ-ቀኝ ነሽ?" ሴትዮዋ ሳቀች፣ ወዲያው ደነገጠች። "ማለቴ... እነግርልሻለሁ እትዬ።"

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አልተደወለም። የመጠየቂያ ወረቀት አወጣች። መጠየቂያው መልሱን እንዳይመራ ተብሎ አጠያየቁም ደንብ አለው። "ባዕድ አካል፦ አለ፣ የለም ወይስ አልታወቀም?" ብላ ጻፈች። ስታነበው ምንም የሚያስቸኩል ነገር የለበትም፤ እንደ ሌላው ሁሉ ወረቀት ነው። እነዚህ ወረቀቶች የሚወጡት ሰኞና ሐሙስ ነው። ሰውየው ጉልበቱ የሚከፈተው ነገ ረቡዕ ጠዋት ነው፤ የሚከፍተውም የሚፈልገውን ነገር የማያውቅ ሰው ነው።

ሸረሪት ከመደርደሪያው ላይ ሆነው ያይዋት ኖሯል።

"ስጪኝ፣ እኔ አድርሰዋለሁ።"

"ለማን ይሰጡታል?"

"ለማን እሰጠዋለሁ፤ ላይ ያለው የደብዳቤ ቅርጫት ውስጥ ነዋ!" አሏት። ቀስ ብለው ወረዱ፤ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። "እህቴ፣ ወረቀት አፍ የለውም። የሚያስጮህ ነገር ከሆነ ሰው ነው የሚጮኸው።"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ..."

"አውቃለሁ" አሉ ሽማግሌው። ሲያውቁ ኖረው ሁለት ዓመት ከአራት ወር ዝም ያሉ ሰው ናቸው።

ካርዱን በደረቷ አቅፋ ወጣች።

ደረጃውን አልቆጠረችም፤ እግሯ ግን ያውቀው ነበር። ግድግዳው በአዲስ ቀለም ተቀብቷል። የመጀመሪያው ፎቅ ማዞሪያ ላይ የነበረው አግዳሚ ወንበር የለም። በዚያ አግዳሚ ላይ ሦስት ሌሊት እንደተኛች የሚያውቅ ሰው አሁን ማን አለ? የደረጃውን መደገፊያ ያዘች፣ ለቀቀችው፣ መልሳ ያዘችው። ከላይ የምትወርድ የጽዳት ሠራተኛ "አሞሻል እንዴ እናቴ?" አለቻት። "ደኅና ነኝ" አለች፤ መንገዷን ቀጠለች። ኮሪደሩ ላይ ሽታው ያው ነው። ሽታን መቀባት አይቻልም።

የአጥንት ሐኪሙ ገና ከቀዶ ጥገና ክፍል መውጣቱ ነበር፤ ቆቡ ግንባሩ ላይ ሰንበር ትቶበታል። ከሠላሳ አምስት አይበልጠውም።

"ከካርድ ክፍል ነኝ" አለችው።

"ካርድ ክፍል በእግሩ መምጣት ጀመረ እንዴ?" አለና ፈገግ አለ። "ግራ ነው ቀኝ ሊሉኝ ከሆነ፣ እናቴ፣ ዛሬ ሁለቱንም ረስቻለሁ።"

"ቀኝ ነው። የሴራሚክ ነጣፊው።" ካርዱን በመጀመሪያው ገጽ ከፈተችለት። "እዚህ ላይ 'ባዕድ አካል የለም' ብለው ጽፈዋል።"

"አዎ። ከሰነዱ ነው።"

"ሰነዱ አይልም። ባዶ ነው፤ ይዩት። 'የሌለው' ያልኩት እኔ ነኝ።"

ሐኪሙ ገጹን አየ። አጭሩን ታሪክ አየ። ፈገግታው ሄደ።

"ለምን?"

ብዙ ልትናገር ትችል ነበር። ስለ ቀይ መስመሩ፣ ስለ አለቃው፣ ስለ ልማዱ፣ መሳቢያ ውስጥ ስላለው ቅጽ።

"ባዶ ስለነበረ" አለች።

"ስንት ዓመት ሠሩ?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

ሐኪሙ ዓይኑን በመዳፉ አሸ። ይቆጣል ብላ ጠበቀች፤ እንዲቆጣም ፈልጋ ነበር። እሱ ግን የነርሷን ገጽ ራሱ ገለጠና ቆሞ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። "እኔም እኮ ሰውየውን አልጠየቅሁትም" አለ ቀስ ብሎ። "እርስዎን ነው ያነበብኩት።" ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ሲስተር! የአራት ቁጥሩ ታካሚ ራጅ ይነሳ፤ ቀኝ ጉልበት፣ ከፊትም ከጎንም። አሁን!"

ካርዱ በእሷ እጅ ስለነበር ሲስተሯን ተከትላ ክፍሉ ውስጥ ገባች። ከመስኮቱ አጠገብ ወዳለው፣ ባሏ ተኝቶበት ወደነበረው አልጋ አልዞረችም። አንድ ሰው ተኝቶበታል፤ ይህን የምታውቀው ከትንፋሹ ነው። ይተንፍስ አለች በልቧ።

ሴራሚክ ነጣፊው ትከሻው ሰፊ፣ ከንፈሩ በትኩሳት የደረቀ ሰው ነው። ጉልበቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ከጎኑ ሆና ብርቱካን ትልጣለች።

"ይቺ ደግሞ ምን ልትወጋኝ ነው የመጣችው?"

"ዝም በል፣ አንተ ለፍላፊ!" አለች ሚስቱ። "ይቅርታ እህቴ፤ ትኩሳቱ ሲጨምር ወሬውም ይጨምራል።"

"መርፌ አልያዝኩም" አለች እሷ። "ጸሐፊ ነኝ።"

"ጸሐፊ? እሰይ! እንግዲያው ጻፊልኝ። ሃያ አራት ዓመት በሰው ቤት ተንበርክኬ ኖርኩ፤ እንደኔ የተንበረከከ መነኩሴ አታገኚም። ጉልበቴን አውቀዋለሁ። ውስጡ የሚወጋ ነገር አለ ብዬ ብናገር የሚሰማኝ አጣሁ። እሱን ጻፊልኝ።"

"ተጽፏል።"

"የት?"

"እዚህ። ሲስተሯ ጽፋዋለች፣ ከሦስት ሳምንት በፊት።"

ሰውየው ከትራሱ ትንሽ ቀና አለ። "ታዲያ ማን አነበበው?"

"እኔ" አለች። "ዛሬ።"

ሚስቱ የላጠችውን ብርቱካን ከፍላ ዘረጋችላት። ተቀበለቻት።

ራጁን ግድግዳው ላይ ባለው መብራት አዩት። ከሎሚው ኋላ፣ ከአጥንቱ ጥላ ጎን፣ የተቆረጠ ጥፍር የሚያህል ነጭ ነገር ተጋድሟል። ሐኪሙ በጣቱ ነካው። እሷም የሚለውን ለመስማት አልቆየችም፤ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወረደች። ስትወርድ መደገፊያውን አልያዘችም፤ ይህን ያስተዋለችው ታች ከደረሰች በኋላ ነው።

አርብ ዕለት የቀዶ ጥገናው ገጽ ወረደ። "ባዕድ አካል፦ አለ። የሴራሚክ ስባሪ፣ ወጥቷል። መገጣጠሚያው ታጥቧል። ትኩሳቱ ወርዷል።" አሁን ኮዱን ማረም ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ግን፣ ከአምስት ሳምንት በፊት የፈረመችበትን ስታወጣ አለቃው በላይዋ ቆመ።

"የዚያ ወር ሪፖርት እኮ ሄዷል። የሞተውን ነገር ምን ያስቆፍርሻል?"

"ሰውየው አልሞተም።"

"ያለፈቃድ ወደ ላይ መውጣትሽንም ሰምቻለሁ።"

"አዎ፣ ወጥቻለሁ።"

"ከእንግዲህ ባዶ መስመር ባየሽ ቁጥር ልትወጪ ነው?"

"ልጠይቅ ነው።"

"ክምሩስ?"

"ይከመር።"

ከመደርደሪያው ላይ የሳል ድምፅ መጣ። ሸረሪት ሲስቁ እንደዚያ ነው። አለቃው ወደ ላይ አየ፣ ወደ እሷ አየ፣ "ለቀይ መስመሩ ግን መልስ የምትሰጪው አንቺ ነሽ!" ብሎ ሄደ።

የካርድ ስህተት አይፋቅም፣ አይቀደድም፣ ቀለም አይደፋበትም። ደንቡ አንድ ነው፤ በላዩ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ይሰመርበታል፣ ከጎኑ ትክክለኛው ይጻፋል፣ ቀንና ፊርማ ይደረግበታል። ከመስመሩ ሥር ያለው መነበብ አለበት። ምን ተብሎ እንደነበረ፣ ማን እንዳለውም፣ በኋላ የሚመጣ ሰው ማወቅ አለበት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችበት ደንብ ነው። መስመሯን አሰመረች። ፈረመች።

በቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ በመስኮቱ ላይ አንድ ከዘራ አለፈ። ከከዘራው ጎን የማይታጠፍ ቀኝ እግር፤ ሱሪው ከፋሻው በላይ ተጠቅልሏል። ጫማው ላይ የደረቀ ነጭ ሲሚንቶ አለ። በግራ በኩል የሴት ነጠላ ጫማ፣ እርምጃውን ከከዘራው ጋር እያስተካከለ። እነሱ ናቸው። ፍርግርጉ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ፤ ሰውየው ትንፋሹን ሰብስቦ ይሆናል። እጇ መዝገቧን ሊዘጋ ሄደ። ከዚያ ከዘራው ተነሳ፣ እግሩ ተከተለ፣ ነጠላ ጫማው ተከተለ፤ አለፉ። ከሥራቸው ሰው እንዳለ የሚያውቁበት ምክንያት አልነበራቸውም።

መስኮቱን ጥቂት ጊዜ አየችው። መንገዱ ባዶ ነበር።

መሳቢያዋን ከፈተች። ቅጹ ጠርዙ ታጥፏል። "ባለትዳር" በሚለው ላይ፣ ለሌላው ሁሉ እንደምታደርገው አንድ ቀጭን መስመር አሰመረች። ከጎኑ መጻፍ ያለበትን ቃል ጻፈች። ቀን አደረገችበት፤ ፈረመች። ከመስመሩ ሥር ያለው ቃል እያንዳንዱ ፊደሉ ይነበባል።

"ጋሼ" አለች፣ "ነገ ወደ ሰው ኃይል ሲያልፉ ይችን ያደርሱልኛል?"

ሸረሪት ወረዱ፣ ተቀበሏት፣ ሳያነቡ አጣጠፏት። "ቅርጫት ውስጥ አልጥላትም" አሉ። "ለጸሐፊዋ በእጇ ነው የምሰጣት።"

ከክምሩ ቀጣዩን ካርድ ሳበች። ሕፃን ልጅ፣ ከብስክሌት ወድቃ፣ ክፍት ቁስል፣ ጉልበት። አገላበጠችው። ስልኩን አነሳች፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሳ።

"ዶክተር" አለች፣ "ካርድ ክፍል ነኝ። ግራ ነው ቀኝ? ሌላም አንድ መስመር ባዶ ትተውብኛል።"